ሐኪሙ «ኢንዛይምሽ ጨምሯል» ይላል፣ ዘመዴ «አንሶሻል» ትላለች፤ የቱን ልመን?

መምህርቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ግራ ስለገባኝ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመ ይቅርታ።

ሰሞኑን ሙሉ ምርመራ አድርጌ ነበር። ውጤቱን ያየው ሐኪም «የጉበት ኢንዛይምሽ ትንሽ ከፍ ብሏል። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም» ብሎ ሸኘኝ። ወረቀቱ ላይ ኤኤልቲ 78 ይላል፤ አጠገቡ ጤነኛው እስከ 40 እንደሆነ ተጽፏል። ኤኤስቲ የሚባል ሌላ ደግሞ 45 ነው። ውጪ ወረፋው ብዙ ስለነበር ዘርዝሬ ለመጠየቅ አፍሬ ወጣሁ።

ማታ ለዘመዴ ነገርኳት። እሷ የምግብ ማሟያ ትሸጣለች። ገና ሳልጨርስ «አንቺ ኢንዛይም አንሶሽ ነው እንጂ! ስትበዪ ሆድሽ የሚነፋው ለዚህ ነው» አለችኝ። መንፋቱስ እውነት ነው። በተለይ ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ይወጠራል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ሽንት ቤት ያስሮጠኛል። ተማሪ ፊት ቆሜ ሆዴ ሲጮህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነው። ብቻ እሷ አንድ ብልቃጥ እንክብል አስይዛኝ ሄደች። ጀርባው ላይ የስም መዓት ተደርድሯል፦ አሚሌዝ፣ ፕሮቲዬዝ፣ ሊፔዝ፣ ላክቴዝ፣ ብሮሜሌን፣ ፓፔይን...

እና እናንተዬ፣ አንዱ ጨምሯል ሲል አንዷ አንሷል ካለች ማንን ልመን? በጨመረው ላይ ብደርብበት አይብስብኝም? ለነገሩ ኢንዛይም ራሱ ምንድን ነው? በሰው ቋንቋ የሚያስረዳኝ ይኑር።

ሁሉ_በጤና፦

እህቴ ምንም አትፍሪ፣ ጀምሪው! ሰው ሲወለድ የተወሰነ ኢንዛይም ይዞ ነው የሚወለደው፤ ዕድሜ ሲገፋ እያለቀ ይሄዳል። የበሰለ ምግብ ደግሞ ኢንዛይሙ የሞተ ነው። ጥሬ ነገር አብዢ፣ ማሟያውንም ውሰጂ። እኔ ከጀመርኩ ወዲህ ድካሜ ጠፍቷል፣ ቆዳዬም ጠርቷል። ኢንዛይም በበዛ ቁጥር ጤና ነው።

ማይክሮስኮፕ፦

መምህርት፣ ሐኪሙና ዘመድሽ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ የሐኪሙ «ጨምሯል» እውነት ነው፤ የዘመድሽ «አንሷል» ደግሞ ግምት ነው። ግምቷ ግን በአንድ በኩል ልክ ሊሆን ይችላል፣ እመለስበታለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም፣ ሽንትና ሰገራ ስመረምር ነው። ኢንዛይም መለካት እንጀራዬ ስለነበር ሰው «ኢንዛይም ውሰዱ» ሲል ከሰማሁ «የቱን?» ማለት ይቀናኛል። ምክንያቱም ሰውነታችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዓይነት አለ። አብዛኛው ከምግብ መፈጨት ጋር ጉዳይ የለውም። ሁሉም ማለት ይቻላል ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሥራቸውም ኬሚካላዊ ለውጥን ማፋጠን ነው። ያለ እነሱ ዓመታት ሊፈጅ የሚችለው ነገር በቅጽበት ይሆናል። ሥራውን ሲጨርሱ ራሳቸው አይለወጡም፣ ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። ግን እያንዳንዱ ከተመደበለት ሥራ ውጪ ንክች አያደርግም። ስታርች የሚቆርጠው ስብ ፊት ቢያስቀምጡት ዝም ብሎ ያያል።

ያንቺ ኤኤልቲና ኤኤስቲ ምግብ አይፈጩም። ቦታቸው ሴል ውስጥ ነው፤ እዚያ የአሚኖ አሲዶችን፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶችን፣ ናይትሮጅን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። የጉበት ሴል ሲቆጣ ወይም ሲጎዳ አምልጠው ደም ውስጥ ይገባሉ። እናም «ከፍ ብሏል» ማለት ጉበትሽ ኢንዛይም አትረፍርፏል ማለት ሳይሆን፣ ከሴል የሾለከ አለ ማለት ነው። ኤኤልቲ በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው። ኤኤስቲ ግን ጡንቻ፣ ልብና ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ።

እንዴት እንደሚለካ ልንገርሽ፤ ይሄን ካወቅሽ የብልቃጡን ጀርባ በሌላ ዓይን ታነቢዋለሽ። ደሙ ይረጋና ሴንትሪፊውጅ ላይ ይሽከረከራል። ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። እሱ ሴረም ነው። ከሴረሙ በጣም ትንሽ ይወሰድና ኤኤልቲ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ካለበት ሪኤጀንት ከሚባል የምርመራ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ማሽኑ የ340 ናኖሜትር ብርሃን ያሳልፍበታል፣ ዓይን የማያየው ነው። ሪኤጀንቱ ውስጥ ያለው ኤንኤዲኤች የሚባል ነገር ይህን ብርሃን ይውጣል። ኢንዛይሙ ሲሠራ ኤንኤዲኤች እያለቀ ይመጣል፤ አልፎ የሚወጣው ብርሃንም ይጨምራል። ማሽኑ የሚከታተለው በምን ያህል ፍጥነት እንዳለቀ ነው። ስለዚህ 78 የሚለው ቁጥር ክብደት አይደለም፤ የሥራ ፍጥነት ነው። አንድ ዩኒት ማለት በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል የሚለውጥ የኢንዛይም መጠን ነው።

አንዳንዴ ሴረሙ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀላ ብሎ ይመጣል። ሲሪንጁ በኃይል ሲሳብ ወይም ቱቦው ክፉኛ ሲናጥ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ። ያኔ ጉበት ሳይነካ ኤኤስቲ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለውን ናሙና አይቶ «ሌላ ቅዱልኝ» የማይል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ቆሽቴ ያርራል።

ኤኤልቲን በዚህ መጠን የሚያስነሳው ነገር ብዙ ነው። የተለመደው ጉበት ላይ ስብ መከማቸት ነው። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ አልኮል፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከባድ ስፖርትም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይደገም ማለቱ ትክክል ነው። ስትመለሺ የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪው። የራስ ምታት ኪኒኑን፣ ከዕፅዋት የተሠራውን፣ ያንን ብልቃጥም ጭምር ይዘሽ ሂጂ። ከዕፅዋት የተሠራ ነገር ጉበት አይጎዳም የሚባለው ወሬ ነው።

አሁን ወደ ሆድሽ እንምጣ።

ምግብ መፈጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ስታርችን መቆራረጥ ይጀምራል። መምህርት ስለሆንሽ ክፍል ውስጥ ልታሳዪው ትችያለሽ። ቀጠን ያለ የስታርች ውሃ በሁለት የመስታወት ቱቦ አድርጊ። አንዱ ላይ ትንሽ ምራቅ፣ ሌላው ላይ ንጹሕ ውሃ ጨምሪ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይተሽ ሁለቱም ላይ አዮዲን ጠብ አድርጊ። ውሃ የገባበት ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ምራቅ የገባበት ግን የአዮዲኑን ቡናማ ቢጫ ይዞ ይቀራል፤ ስታርቹ ተቆርጦ አልቋላ። ቀጥሎ ምራቁን አስቀድመሽ አፍልተሽ ድገሚው። ሁለቱም ቱቦ ይጠቁራል። ሙቀቱ ኢንዛይሙን አበላሽቶታል። ልጆቹ ይሄን አይረሱትም።

ጨጓራ ስንደርስ አሲዱ አሚሌዙን ሥራ ያስፈታዋል። እዚያ ባለተራው ፔፕሲን ነው፣ ፕሮቲን ይቆርጣል። አሲድ ውስጥ ካልሆነ መሥራት አይሆንለትም። የዚህ ነገር ታሪኩ ደስ ይላል። በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት በጥይት ተመቶ ሆዱ ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ሳይዘጋ ቀረ። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት ምግብ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ጨጓራው ውስጥ ያስገባ ነበር፤ ቆይቶ ጎትቶ እያወጣ የቱ ምን ያህል እንደሟሟ ይመዘግባል። የጨጓራውን ፈሳሽም ወደ ብልቃጥ ቀድቶ በሰውነት ሙቀት ልክ ሲያቆየው ሥጋው ከሆድ ውጪም ሟሟ። ውጤቱን በ1833 አሳተመ። በ1836 ደግሞ ቴዎዶር ሽቫን ፔፕሲንን ለይቶ ስም ሰጠው። ሴንት ማርቲን ምን ያህል እንደተማረረ ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ሰውየው የቆሰለ ሰው እንጂ ላብራቶሪ አልነበረም።

ትልቁ ሥራ ያለው ከጨጓራ ቀጥሎ፣ ትንሹ አንጀት ላይ ነው። ቆሽት በቀን ከ1 ሊትር በላይ ፈሳሽ ወደዚያ ይልካል። ውስጡ አሲዱን የሚያበርድ ባይካርቦኔት፣ ስታርች የሚቆርጥ አሚሌዝ፣ ስብ የሚቆርጥ ሊፔዝ፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ትሪፕሲንና ጓደኞቹ አሉ። ሊፔዝ ብቻውን ትልልቅ የስብ ጠብታ ላይ አቅም የለውም። ሐሞት ሳሙና ቅባት ላይ እንደሚሠራው ጠብታዎቹን ይበታትንለታል።

እዚህ ላይ የማደንቀው ነገር አለ። ቆሽት ራሱ ከፕሮቲንና ከስብ የተሠራ ነው፤ ታዲያ የገዛ ኢንዛይሙ ለምን አይበላውም? ትሪፕሲን ከቆሽት ሲወጣ ገና አልነቃም። ትሪፕሲኖጅን ይባላል፣ የተኛ ነው። የሚነቃው አንጀት ግድግዳ ላይ ያለ ሌላ ኢንዛይም ትንሽ ጫፉን ሲቆርጥለት ነው። ከነቃ በኋላ ደግሞ ሌሎቹን እሱ ይቀሰቅሳል። በሐሞት ጠጠር፣ በአልኮል ወይም በሌላ ምክንያት ቆሽት ውስጥ እያለ ቀድሞ ከነቃ ቆሽቱን ራሱን መፍጨት ይጀምራል። አጣዳፊ የቆሽት ቁጣ ማለት ያ ነው። ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ኃይለኛ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ሰው ማሟያ ሳይሆን ሆስፒታል ነው መፈለግ ያለበት።

የመጨረሻው ሥራ የሚያልቀው አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ለሁለት የሚከፍለው ላክቴዝ እዚያ ነው ያለው። የዘመድሽ ግምት ልክ ሊሆን የሚችለው እዚህ ጋ ነው። ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ላክቴዝ ይዞ ይወለዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ግን ካደጉ በኋላ ይቀንስባቸዋል። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ያልተከፈለው ላክቶስ ውሃ እየሳበ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች አገኙ ብለው ያብላሉታል፤ ጋዝ ይወጣል። መወጠሩም፣ ማጉረምረሙም፣ ሩጫውም ከዚያ ነው።

ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ካሉት ውስጥ ምናልባት ላንቺ ጉዳይ ያለው አንዱ ላክቴዝ ነው። እሱም ከወተቱ ጋር ከተወሰደ ብቻ። ጠዋት ወስደሽ ማታ ወተት ብትጠጪ ምንም አይፈይድልሽም። ሌሎቹ፣ ቆሽቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ ያለውን ነገር መደራረብ ናቸው። እስቲ ደግሞ ጀርባውን አንብቢልኝ፤ ላክቴዙ በምንድን ነው የተለካው? ሚሊግራም ብቻ ከተጻፈ ምንም አልነገሩሽም። ኢንዛይም የሚለካው በሥራው ነው ብዬሻለሁ። ክብደቱ ሙሉ ሆኖ ሥራው ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ የፈላውን ምራቅ አስታውሺ።

ሁሉ_በጤና፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ለውጥ ያየሁት በራሴ ነው። ጥሬ አናናስና ፓፓያ ውስጥ ኢንዛይም የለም ሊሉኝ ነው?

ማይክሮስኮፕ፦

የለም አልልህም ወንድሜ፣ አለ። አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን፣ ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን አለ። ሁለቱም ፕሮቲን ቆራጮች ናቸው። አናናስ ስትበላ ምላስህን የሚለበልብህ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ጥሬ አናናስ ጄላቲን ውስጥ ብትጨምር ጄላቲኑ አይረጋልህም፣ ይቆራርጠዋል። የታሸገውን ብትጨምር ግን ይረጋል፤ ሲታሸግ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ጠፍቷል።

ግን ከዚህ ተነስተህ «ጥሬ ከበላሁ የምግቡ ኢንዛይም ለእኔ ይሠራልኛል» ማለት ሩቅ ነው። አትክልቱ ኢንዛይሙን የሠራው ለራሱ ኑሮ ነው። አብዛኛው ጨጓራህ ውስጥ ሲገባ አሲዱ ቅርጹን ያበላሸዋል፣ ፔፕሲን ይቆርጠዋል፤ እንደማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ሆኖ ይገባል። ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ብላ፣ ቃጫው ይጠቅምሃል፤ በኢንዛይሙ ግን አታሳብብ።

ይዘነው ተወልደን ያልቃል ያልከውም እንዲያ አይደለም። ቆሽት በየቀኑ አዲስ ያመርታል። መጠባበቂያውም ሰፊ ነው፤ የስብ መፈጨት በግልጽ የሚታወከው የሊፔዝ ምርቱ ከጤነኛው 10 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። «በበዛ ቁጥር ጤና ነው» ላልከው ደግሞ የመድኃኒት ሳጥንህን ክፈት። ኦሜፕራዞል ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚረጨውን ኢንዛይም ያግዳል። አስፒሪንም ኢንዛይም ያግዳል። የደም ግፊቱ ኢናላፕሪልም፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቶቹ ስታቲኖችም እንደዚያው። ሰው ጤናውን ፍለጋ ስንቱን ኢንዛይም እያስቆመ ነው የሚኖረው!

ድካሜ ጠፋ ያልከውን አልክድህም፤ አንተ ነህ የምታውቀው። ግን ማሟያውን ስትጀምር ሌላ የቀየርከው ነገር አልነበረም? አመጋገብ፣ እንቅልፍ?

ሁሉ_በጤና፦

ለስላሳና ጣፋጭ አቁሜያለሁ 😅

ቆሽቱ_ያረረ፦

ስሜን አይታችሁ አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የቆሽቱን ኢንዛይም በሐኪም ትእዛዝ የምወስድ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ «ሁሉም ዋጋ የለውም» ብሎ የሚደመድም እንዳይኖር ልናገር።

የእኔ ቆሽት በተደጋጋሚ ተቆጥቶ ጠባሳ ሠርቷል። በደንብ እየበላሁ እከሳ ነበር። ሱሪዬ ሁሉ ሰፋኝ። ከሁሉም የባሰው ሽንት ቤት ነው፤ ይቅርታ ምግብ ላይ ያላችሁ። ሰገራዬ ነጣ ያለ፣ ቅባት የተቀባ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍና ደጋግመው ቢለቁበት የማይሄድ ሆነ። ሽታው ደግሞ አይነሳ። ያልተፈጨ ስብ ነው አሉኝ። ስቡ ሲያመልጥ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢና ኬ አብረውት ያመልጣሉ፤ የእኔ ዲ ወርዶ ተገኘ።

የታዘዘልኝ እንክብል ውስጡ ትናንሽ ፍሬዎች ናቸው። እያንዳንዷ ፍሬ አሲድ የማይደፍረው ሽፋን አላት፤ ጨጓራን አልፋ አንጀት ስትደርስ ነው የምትፈታው። ስለዚህ ማኘክና መፍጨት ክልክል ነው። የምወስደው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው፣ ምግቡ ረዘም ካለ መሃል ላይ እደግማለሁ። ሳይበሉ መዋጥ ትርጉም የለውም፤ ከምግቡ ጋር ካልተቀላቀለ ምኑን ይፈጫል? መጠኑ የተጻፈው በሊፔዝ ዩኒት ነው፣ ጋሼ እንዳሉት። ስብ የበዛበት ምግብ ብዙ ዩኒት ይፈልጋል፤ ለመክሰስ ያነሰ ይበቃል። ከተፈቀደው በላይ መውሰድ ደግሞ ትልቁን አንጀት ሊያጠብ ስለሚችል በራሴ አልጨምርም።

አንድ ነገር፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ቀድሞ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ቢመክር ጥሩ ነው። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነው የጀመርኩት። አሁን ክብደቴ ተመልሷል፣ ሱሪው ግን አሁንም በቀበቶ ነው።

ማይክሮስኮፕ፦

እግዜር ይስጥህ፣ ከእኔ በተሻለ አስረዳህ። አንድ ልጨምር። ቆሽት በቂ መሥራቱን ለማወቅ ሰገራ ላይ ኢላስቴዝ ይለካል። ይህ የቆሽት ኢንዛይም አንጀትን ሙሉ አቋርጦ ሳይፈርስ ስለሚወጣ ምስክር ይሆናል። በአንድ ግራም ሰገራ ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ያጠራጥራል፣ ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው። ተቅማጥ ላይ ያለ ሰው ናሙና ግን አያስተማምንም። ውሃው ያቀጥነውና ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስለዋል።

ደም ውስጥ የሚለካው ሊፔዝ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከጤነኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና በላይ ሲሆን፣ ከሕመሙ ጋር ተዳምሮ፣ አጣዳፊ የቆሽት ቁጣን ያመለክታል። አየሽ መምህርት፣ ያው ሊፔዝ ደም ውስጥ ሲበዛ አደጋ ነው፣ አንጀት ውስጥ ሲያንስ አደጋ ነው።

ቃር_አሰቃየኝ፦

ከርዕሱ ከወጣሁ ይቅርታ። እኔን የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ተብሎ በትንፋሽ ይመርመር ተባልኩ። ያ ደግሞ ከኢንዛይም ጋር ይገናኛል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ማይክሮስኮፕ፦

አልወጣህም፣ እንዲያውም የምወደው ምርመራ ነው። ያ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ አሲድ ውስጥ የሚኖረው ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለው ነው። ዩሪያን፣ ሽንት ውስጥ የሚወጣውን ያንን ቆሻሻ፣ ሰብሮ አሞኒያ ያወጣና በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ይህ ባክቴሪያ ቁስለት እንደሚያመጣ አሳይተው በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ማርሻል ሰው አልሰማው ሲል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አስቆጥቷል። አትሞክረው።

ጨጓራህ በካሜራ ከታየ ቅንጣት ሥጋ ተቆርጦ ዩሪያ ያለበት ቢጫ ጄል ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያው ካለ ከሥጋዋ ዙሪያ ጀምሮ ጽጌረዳ ቀለም ይሰራጫል። አንዳንዱ ወዲያው ይቀላል፣ አንዳንዱ ሰዓታት ያስጠብቃል። በትንፋሹ ምርመራ ደግሞ ካርቦኑ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ትጠጣለህ። ዩሪዬዝ ካለ ይሰብረውና ምልክቱ ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በትንፋሽህ ይወጣል። የሰው ሴል ዩሪዬዝ ስለሌለው ነው ምርመራው የሚያስተማምነው። ግን ኦሜፕራዞል የምትወስድ ከሆነ ሳትነግራቸው እንዳትሄድ። ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ከሆነ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲቆም ይደረጋል። ማቆሙን ግን ሐኪሙ ይወስን።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ እንዴት ላመስግንዎት! ቡድኑ ሁሉ ተባረኩ። ብልቃጡን አገላብጬ አየሁት። እንዳሉት ሚሊግራም ብቻ ነው የተጻፈው፣ ያውም «የኢንዛይም ድብልቅ» ተብሎ በአንድ ላይ፤ የላክቴዙ ብቻውን አልተጻፈም። እስክመረመር ድረስ አልነካውም። ለዘመዴ ምን እንደምላት አላውቅም እንጂ።

ወተቱን ግን በምን ላረጋግጥ? ከነጭራሹ ልተወው? እርጎስ?

ማይክሮስኮፕ፦

ለዘመድሽ «ሐኪሜ ምርመራው እስኪደገም ምንም አትጨምሪ አለኝ» በያት፣ ጠቡ ከሐኪሙ ጋር ይሁን። በእርግጥም ኤኤልቲ ከፍ ባለበት ሰዓት አዲስ ነገር መጀመር የሐኪሙን ሥራ ያወሳስብበታል።

ወተቱን ለሁለት ሳምንት ያህል ተዪው፣ ውስጡ የተደበቀበትንም ነገር ጨምሮ፤ የታሸገ ብስኩትና ሾርባ ላይ የወተት ዱቄት ተጽፎ እንደሆነ እዪ። ከቀለለሽ ትንሽ በትንሹ መልሺውና ተመልከቺ። ላክቴዝ የቀነሰበት ብዙ ሰው አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማለትም 12 ግራም ገደማ ላክቶስ፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ ይችለዋል። እርጎ ይሻላል። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የራሳቸው ላክቴዝ ስላላቸው ያግዙሻል። ደረቅ አይብ ላይ ደግሞ ላክቶስ እምብዛም የለም። ከላክቶስ ነጻ የሚባለው ወተት ካገኘሽ ጣፈጥ ቢልሽ ስኳር የተጨመረበት እንዳይመስልሽ። ላክቴዝ አስቀድሞ ላክቶሱን ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ከፍሎታል፤ እነሱ ከላክቶስ ይበልጥ ይጣፍጣሉ። ወተትን ጨርሰሽ ከተውሽ ግን ካልሲየሙን ከሌላ ቦታ ማግኘትሽን አትርሺ። ክብደት መቀነስ፣ ሰገራ ላይ ደም ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ የወተት ነገር ነው ብለሽ ቤት አትቀመጪ።

በምርመራ ማረጋገጥ ከፈለግሽ የሃይድሮጅን ትንፋሽ ምርመራ አለ። ላክቶስ ትጠጪና በየጊዜው መሣሪያው ውስጥ ትተነፍሻለሽ። የሰው ሴል ሃይድሮጅን ጋዝ አያመርትም፤ የአንጀት ባክቴሪያ ነው የሚያመርተው። ከመነሻው በ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) ከጨመረ ላክቶሱ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ደርሷል ማለት ነው። ሌሊቱን ጾመሽ ሂጂ። ጠዋት ሲጋራም ስፖርትም የለም። እስከ 3 ሰዓት ስለሚፈጅ ቁጭ ብለሽ የምታርሚው የተማሪ ደብተር ያዢ።

መምህርቷ፦

ደብተሩስ ሞልቷል ጋሼ 😂 የደሙን ምርመራ ቀጠሮ ይዣለሁ። የአዮዲኑን ነገር ግን አልተውም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ክፍለ ጊዜ ላይ አሳያቸዋለሁ። ምራቅ የሚሰጥ ተማሪ አይጠፋም።

ማይክሮስኮፕ፦

እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ምራቅ ብቻ ይንካ፣ ጓንት ካለም ይጠቀሙ። ስታርቹን አታወፍሪው፣ አለበለዚያ ምራቁ እስኪጨርሰው ክፍለ ጊዜው ያልቅብሻል።